ኸርማን ሆለሪዝ፦ ካርድ በስቶ ሁሉን በአንድ ጊዜ የለየው መሐንዲስ

በዛሬው ዘመን በኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ ማንኛውም ሠራተኛ ከፊቱ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ ለመምረጥ ሲፈልግ የሚያንቀሳቅሰው ሁለት ጣቶቹን ብቻ ነው። በአንደኛው የኮንትሮልን ቁልፍ፣ በሁለተኛው የኤ (A) ፊደልን ይጫናል። መሣሪያው የማኪንቶሽ ዓይነት ከሆነ በኮንትሮል ፈንታ የኮማንድን ቁልፍ ይጠቀማል፤ በእጅ ስልክ ላይ ከሆነ ደግሞ ጣቱን ሳያነሣ ጥቂት ተጭኖ ይቆይና ሁሉንም ምረጥ የሚለውን ትእዛዝ ይነካል። ፋይሎቹ አሥር ቢሆኑ ወይም አሥር ሺህ፣ ድካሙ ያው ነው። ነገር ግን ከዚህ ጋር የሚዛመድ፣ በክብደቱ ግን እጅግ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ። እርሱም ከሁሉ መካከል ይህንና ያንን ጠባይ የያዙትን ብቻ፣ አንድም ሳይቀር፣ አንድም ባዕድ ሳይቀላቀል፣ ለይቶ የማውጣት ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ በመኪና ኃይል መልስ ያገኘው ኮምፒዩተር የሚባለው መሣሪያ ከመፈጠሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ ሲሆን፣ መልሱን ያገኘውም በማዕድን ምህንድስና የተመረቀ አንድ ወጣት ነበር። የዚህ ሰው ሕይወት ለሙያ ባልደረቦቻችን ከአንድ በላይ በሆነ ምክንያት ሊተረክ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኸርማን ሆለሪዝ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1860 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በበፋሎ ከተማ ተወለደ። ከቀኑ እንደምንረዳው የልደት በዓሉ የሚውለው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ነበር፤ 1900 ደግሞ በአቆጣጠሩ ሕግ መሠረት ሠግር ዓመት ባለመሆኑ ከ1896 እስከ 1904 ድረስ ስምንት ዓመት ሙሉ የልደት ቀን አልነበረውም። ዕድሜው በቁጥር ላለፈ ሰው ይህ የሚገርም አጋጣሚ ነው። ወላጆቹ በ1848 በጀርመን አገር የተነሣው የለውጥ እንቅስቃሴ ከከሸፈ በኋላ ከፓላቲኔት አውራጃ የተሰደዱ ሲሆኑ፣ አባቱ የቋንቋ መምህር ነበሩ። አባትየው ኸርማን ገና ሕፃን ሳለ በመሞታቸው እናቱ የሴቶች ባርኔጣ እየሠሩ በመሸጥ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ከዘመድ እርዳታ መለመንን የማይወዱ ብርቱ ሴት እንደነበሩ ይነገራል፤ ልጃቸው በኋላ ዘመን ከባንክና ከባለሥልጣን ጋር ባደረገው ትግል የታየው ግትርነት ከእርሳቸው የወረሰው ሳይሆን አልቀረም።

በትምህርት ቤት ሳለ ኸርማንን የሚያስጨንቀው የቃላት አጻጻፍ ትምህርት ነበር። ሰዓቱ በደረሰ ቁጥር ከክፍል ሾልኮ ይጠፋ ነበር፤ አንድ ቀንም መምህሩ በሩን ቢቆልፍበት በመስኮት ዘሎ እንደ ወጣ የሕይወቱን ታሪክ የጻፉ ሁሉ ያወሳሉ። ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ በአንድ የሉተራን ቄስ እጅ ተማረ። በ15 ዓመቱ የኒው ዮርክ ከተማ ኮሌጅ ገባ፤ ቀጥሎም በኮሎምቢያ የማዕድን ትምህርት ቤት ተመዝግቦ በ1879፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ የማዕድን መሐንዲስ ሆኖ ተመረቀ። በጠቅላላው ጎበዝ ተማሪ ሲሆን፣ ዝቅተኛ ውጤት ካገኘባቸው ትምህርቶች መካከል የሒሳብ መዝገብ አያያዝና የመኪና ትምህርት ይገኙባቸዋል። ይህን የምናስታውሰው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ሆለሪዝ በኋላ ዓለምን የለወጠው በእነዚሁ በሁለቱ መስኮች መሆኑ፣ የተማሪን ዕጣ በአንድ የፈተና ወረቀት ለመቁረጥ ለሚቸኩሉ ፈታኞች ጥሩ ማሳሰቢያ ነው።

ከመምህራኑ አንዱ የነበረው ፕሮፌሰር ዊልያም ትሮውብሪጅ ለ1880 የሕዝብ ቆጠራ የኢንዱስትሪ ክፍል አማካሪ ሆኖ ሲሾም ወጣቱን ተመራቂ ረዳት አድርጎ ወደ ዋሽንግተን ወሰደው። ሆለሪዝ በዚያ የተሰጠው ሥራ በብረታ ብረት ፋብሪካዎች ውስጥ የሚሠራበትን የእንፋሎትና የውኃ ኃይል መጠን ማጥናት ነበር። ሥራውን በሚገባ ፈጽሟል። ዓይኑ ግን ያረፈው በሌላ ነገር ላይ ነበር፤ በየጠረጴዛው ዙሪያ በመቶ የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች ጎንበስ ብለው ከረጃጅም ቅጾች ላይ እያነበቡ በወረቀት ላይ ጭረት ሲጭሩ ይውላሉ። የጭረቶቹ ድምር ከተደመረ በኋላ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ወንዶቹን በዕድሜ ሳይሆን በሥራ ዓይነት ክፈሉልን ሲባል፣ ያው ክምር ቅጽ እንደገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይገለጣል። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ሕዝብ 50 ሚሊዮን ያህል ነበር። የ1880ው ቆጠራ ውጤት ተጠናቆ ለመውጣት ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ የሚያዝ በመሆኑና ሕዝቡም በየዓመቱ የሚጨምር በመሆኑ፣ የአንዱ ቆጠራ ሥራ ሳይጠናቀቅ ሌላው የሚደርስበት ቀን ሩቅ እንዳልነበረ ማንም ሊያሰላው ይችል ነበር።

የወሳኝ ኩነት ስታቲስቲክስ ኃላፊ የነበረው ሐኪም ጆን ሾ ቢሊንግስ በዚህ ላይ ለወጣቱ አንድ ሐሳብ ሰጠው። የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ በካርድ ጠርዝ ላይ በሚሠራ ጭረት ወይም ቀዳዳ ማመልከትና ካርዶቹን የሚለይ መኪና መሥራት አይቻልም ወይ የሚል ነበር። ይህ ውይይት የተደረገው በሐኪሙ ቤት በእሑድ ራት ላይ እንደሆነ ይነገራል፤ ሆለሪዝ ወደዚያ ቤት የሚመላለሰውም ለስታቲስቲክስ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ለሐኪሙ ልጅ ጭምር ነበር ይባላል። ከልጅቷ ጋር ጋብቻ አልሆነም። ከሐሳቡ ጋር ግን ዕድሜ ልኩን ኖረ። ሆለሪዝ ሐሳቡ ከቢሊንግስ መምጣቱን ያልካደ ሲሆን፣ ቢሊንግስም በበኩሉ ከሐሳቡ በቀር ከመኪናው ምንም ድርሻ አልጠየቀም። በፈጠራ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨዋነት በሁለቱም ወገን መገኘቱ ብርቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት የመንከራተት ዓመታት ናቸው። በ1882 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሬዚዳንት ሆኖ የሄደው የቀድሞው የቆጠራ ኃላፊ ፍራንሲስ ዎከር ጋብዞት በዚያ የሜካኒካል ምህንድስና አስተማረ፤ ያንኑ ትምህርት ለሁለተኛ ዓመት መድገም ግን አልወደደም። ወደ ዋሽንግተን ተመልሶ በፓተንት መሥሪያ ቤት በረዳት መርማሪነት አንድ ዓመት ያህል ሠራ። ይህ አጭር አገልግሎት የፈጠራ መብትን ሕግ ከውስጡ አስተማረው፤ ጥቅሙንም በኋላ እናያለን። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1884 የመጀመሪያውን የፓተንት ማመልከቻ አቀረበ።

በዚያ የመጀመሪያ ማመልከቻ ላይ የተገለጸው ካርድ ሳይሆን ረጅም የወረቀት ጥቅል ነበር። የእያንዳንዱ ሰው ሁኔታ በጥቅሉ ላይ በተርታ ይበሳና ወረቀቱ በብረት ከበሮ ላይ ሲያልፍ በቀዳዳዎቹ በኩል የኤሌክትሪክ ግንኙነት ይፈጠራል። መቁጠር ይቻላል። መለየት ግን አይቻልም። በጥቅሉ መካከል ያለ አንድ ሰው ተነጥሎ ሊወጣ፣ ከመሰሎቹ ጋር ሊከማች አይችልም፤ አንድ ስሕተት ለማረምም ጥቅሉ መቆረጥ አለበት። ሆለሪዝ ይህን ጉድለት በፍጥነት ተረዳ። መፍትሔውን ያሳየው በምዕራብ አሜሪካ ባቡር ሲጓዝ ያስተዋለው ትኬት ቆራጭ ነው። በዚያ ዘመን ትኬት እንዳይሰረቅ ሲባል ቆራጩ የመንገደኛውን መልክ በትኬቱ ላይ በቀዳዳ ይመዘግብ ነበር፤ ጠጉሩ ቀላ ያለ ወይም ጥቁር፣ ዓይኑ እንዲህ፣ አፍንጫው ትልቅ ወይም ትንሽ እየተባለ በየቦታው ይበሳል። ለአንድ ሰው አንድ ካርድ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው አንድ ካርድ ከሆነ ካርዱ ከክምር ሊወጣ፣ ወደ ሌላ ክምር ሊገባ፣ ተመልሶ ሊደባለቅና በሌላ ጥያቄ እንደገና ሊለይ ይችላል። ከዛሬው የመረጃ ቋት ጋር የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ረድፍ ወይም ሪከርድ የሚሉት ነገር አባቱ ይህ የባቡር ትኬት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው እውነተኛ ሙከራ የተደረገው በባልቲሞር ከተማ የሟቾች መዝገብ ላይ ነው። ሆለሪዝ በዚያ ጊዜ የነበረው መሣሪያ ከትኬት ቆራጮች የማይለይ የእጅ መብሻ ነበርና፣ በቀን ከሺህ የሚበልጡ ካርዶች ሲበሳ ክንዱ አልታዘዝ እስኪለው ድረስ ታመመ። ከዚህ ሕመም የተወለደው ፓንቶግራፍ የተባለው መብሻ ነው፤ ሠራተኛው በሰፊ ሠሌዳ ላይ የተጻፉትን ምልክቶች በመጠቆሚያ ሲነካ በሌላው ጫፍ ያለው መብሻ በካርዱ ላይ ተመሳሳዩን ቦታ ይበሳል። ኒው ጀርሲና ኒው ዮርክም ለጤና ስታቲስቲክሳቸው ተጠቀሙበት። ጃንዋሪ 8 ቀን 1889 ሦስቱ ፓተንቶቹ በአንድ ቀን ተሰጡት።

በዚያው ዓመት የቆጠራው ባለሥልጣን ለ1890ው ቆጠራ የሚስማማውን ዘዴ ለመምረጥ ውድድር አዘጋጀ። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ነበሩ። ዊልያም ሃንት የሚባለው ባለሙያ በልዩ ልዩ ቀለም በሚጻፉ ወረቀቶች፣ ቻርልስ ፒጅን የሚባለው ደግሞ በቀለማት በተለዩ ትንንሽ ካርዶች፣ ሁለቱም በእጅ የሚለይ ዘዴ አቀረቡ። የመፈተኛው መረጃ በቀደመው ቆጠራ ከሴንት ሉዊስ ከተማ አራት ቀበሌዎች የተሰበሰበው የ10,491 ሰዎች ዝርዝር ነበር። መረጃውን ከቅጹ ወደየራሳቸው ወረቀት ወይም ካርድ ለማዛወር ሃንት 144 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፣ ፒጅን 110 ሰዓት ከ56 ደቂቃ፣ ሆለሪዝ 72 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ፈጀባቸው። ቀጥሎ በመጣው በመለየትና በመደመር ሥራ ሃንት 55 ሰዓት ከ22 ደቂቃ፣ ፒጅን 44 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ሲወስዱ ሆለሪዝ በ5 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ጨረሰ። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። መረጃውን በማስገባት ረገድ የመኪናው ብልጫ ከእጥፍ አይበልጥም፤ በመለየት ረገድ ግን ከስምንት እስከ አሥር እጥፍ ነው። ወደ መኪና የማስገባቱ ሥራ በሰው ጣት ፍጥነት የተወሰነ ሲሆን ከገባ በኋላ ያለው ሥራ ግን በኤሌክትሪክ ፍጥነት ይሄዳል። በየመሥሪያ ቤታችን አሮጌ ፋይሎችን ወደ ኮምፒዩተር የማዛወር ሥራ የደረሰበት ሁሉ ይህን መጠን ከራሱ ልምድ ያውቀዋል።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ካርዱ 12 ረድፍና 24 ዓምድ፣ በጠቅላላው 288 የቀዳዳ ቦታዎች ነበሩት። አንደኛው ማዕዘኑ የተቆረጠ ነበር፤ ተገልብጦ የገባ ካርድ ከሩቁ እንዲታወቅ ነው። ሠራተኛው (አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ) ካርዱን በማተሚያ መኪና መሰል መሣሪያ ላይ አስቀምጣ እጀታውን ወደ ታች ትስባለች። ከላይ ካለው ሠሌዳ በሞላ የተደገፉ ቀጫጭን መርፌዎች ይወርዳሉ። ካርዱ ድፍን በሆነበት መርፌው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ቀዳዳ ባለበት ግን አልፎ ከታች በትንንሽ ጽዋዎች ውስጥ የተቀመጠውን ባዝቃ ይነካል። በዚያች ቅጽበት ዑደቱ ይዘጋል፤ ፊት ለፊት በተደረደሩት 40 የሰዓት ገጽ መሰል መቁጠሪያዎች ላይ የሚመለከታቸው ቀስቶች አንድ አንድ ነጥብ ይራመዳሉ። እያንዳንዱ መቁጠሪያ ሁለት ቀስት ያለው ሲሆን እስከ 9,999 ይቆጥራል። ካርዱ በትክክል ከተነበበ ደወል ይደውላል፤ ደወሉ ካልደወለ ካርዱ ይመረመራል።

የሆለሪዝ ትልቁ ብልሃት ግን ከመቁጠሪያዎቹ ይልቅ ከኋላቸው በተሸሸጉት ሪሌዮች ውስጥ ይገኛል። ከውጭ አገር የተወለዱና ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ስንት ናቸው ቢባል፣ ሦስቱን ቀዳዳዎች ለየብቻ መቁጠር መልስ አይሆንም፤ ሦስቱ በአንድ ካርድ ላይ አብረው ሲገኙ ብቻ መቆጠር አለባቸው። ስለዚህ በሴትነት ቀዳዳ የመጣው ኤሌክትሪክ የመጀመሪያውን ሪሌይ ይዘጋል፤ በዚያ የሚያልፈው መስመር ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይያያዛል፤ ሦስቱም ከተዘጉ ብቻ ቀስቱ ይንቀሳቀሳል። ከአጠገቡ ደግሞ ከሃያ የሚበልጡ ክፍሎች ያሉት ሣጥን አለ፤ እነዚያ ሦስቱ ሲገናኙ የአንደኛው ክፍል ክዳን በኤሌክትሮማግኔት ተለቅቆ በራሱ ይከፈታል፤ ሠራተኛዋም ካርዱን እዚያ ጥላ ክዳኑን ትዘጋለች። ሰውየው ማን እንደሆነ ማንበብ፣ ማሰብ፣ መፍረድ አያስፈልጋትም። ዛሬ በመረጃ ቋት ውስጥ እነዚህን ቅድመ ሁኔታዎች የሚያሟሉትን ሁሉ ምረጥ ብለን የምንጽፈው ትእዛዝ በዚያ ዘመን በመዳብ ሽቦ የሚጻፍ ነበር።

የተለየው ክምር ንጹሕ መሆኑን ለማረጋገጥም ቀላል ዘዴ ነበራቸው። ካርዶቹን አስተካክሎ ይዞ የጋራ በሆነው ቀዳዳ በኩል ቀጭን ሽቦ ማሳለፍ ነው። ሽቦው ያለ መሰናክል ከወጣ በክምሩ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ናቸው፤ ከተገታ አንድ እንግዳ ገብቷል ማለት ነው። በሺህ የሚቆጠር ካርድ በአንድ ትንፋሽ መመርመር ይህ ነው። ሠራተኞቹም በበኩላቸው ብልሃት አላጡም፤ ዕረፍት ሲያምራቸው ከጽዋዎቹ ባዝቃውን በመንጠብጠቢያ ስበው ወደ ምራቅ መትፊያ ዕቃ ይጨምሩት ነበር፣ መካኒኩም ጠግኖ እስኪጨርስ መኪናው ይቆማል እየተባለ ይተረካል።

በ1890 መቶ ያህል መኪናዎች ተሰማሩ። ሆለሪዝ መኪናዎቹን አልሸጠም፤ እያንዳንዱን በዓመት በ1,000 ዶላር አከራየ እንጂ። በስድስት ሳምንት ገደማ ጠቅላላ ቁጥሩ ተገለጠ፤ 62,622,250 ሰው። ሕዝቡ ግን አልተደሰተም። ጋዜጦች ከ65 ሚሊዮን ያላነሰ ይጠብቁ ነበርና መኪናው አይረባም ብለው ጮኹ። ቁጥር የሚጠላው ትክክል ስላልሆነ ሳይሆን ከምኞት ስላነሰ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሌላው አስገራሚ ነገር፣ የዚያ ቆጠራ ጠቅላላ ወጪ ከቀደመው በእጥፍ ገደማ ከፍ ማለቱ ነው። መኪናው ሥራውን አርክሶ ሳለ ወጪው እንዴት ጨመረ ቢባል፣ መለየት ቀላል በሆነ መጠን የሚጠየቀው ጥያቄና የሚወጣው ሠንጠረዥ በመብዛቱ ነው። የእኛ ሙያ ይህን ነገር ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ አይቶታል።

በዚያው ዓመት ኮሎምቢያ በዚህ ሥራው የዶክትሬት ማዕርግ ሰጠው፤ የፍራንክሊን ኢንስቲትዩትም የኤሊየት ክሬሰንን ሜዳይ ሸለመው። በሴፕቴምበር ወርም ሉሺያ ታልኮትን አገባ፤ ስድስት ልጆችም ወለዱ። ኦስትሪያ፣ ካናዳና ኖርዌይ መኪናውን ለቆጠራቸው ተጠቀሙበት። የሩሲያ ግዛትም በ1897 የመጀመሪያውን አጠቃላይ ቆጠራ ያጠናቀረው በእርሱው መኪና ነው።

ይሁን እንጂ ቆጠራ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ዝናብ ነው። በመካከሉ መኪናዎቹ ተመልሰው በመጋዘን ተከማቹ፤ በ1893 የደረሰው የገንዘብ ቀውስም ተጨመረበት። ሆለሪዝ ፊቱን ወደ ንግድ ማዞር ነበረበት። የኒው ዮርክ ሴንትራል የባቡር ኩባንያ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር የጭነት ሰነድ የሚያገላብጥ ነበርና፣ ካርድ መቁጠር ብቻ ሳይሆን በካርዱ ላይ የተበሳውን ገንዘብና ክብደት የሚደምር መኪና ሠርቶ አቀረበለት፤ ኩባንያው እስኪያምን ድረስም ያለ ኪራይ እንዲሞክረው ሰጠው። ኩባንያውም አመነ። በዲሴምበር 1896 የታቡሌቲንግ መኪና ኩባንያ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ካርዶቹን ራሱ እየጎረሰ የሚያሳልፍ መሣሪያ፣ በሣጥኑ ፋንታ ራሱ የሚለይ መኪና፣ ሽቦዎቹን እንደ ስልክ ማዞሪያ በመሰኪያ የሚያለዋውጥ ሠሌዳ ተከታትለው መጡ።

የሆለሪዝ ታሪክ ለእኛ ይበልጥ የሚከነክነን የ1900ው ቆጠራ ካበቃ በኋላ ባለው ክፍል ነው። አዲሱ የቆጠራ ዲሬክተር ሳይመን ኖርዝ ኪራዩ እጅግ ከፍ ያለ ነው፣ ኩባንያው ከግል ደንበኞቹ ያነሰ ይቀበላል ሲል ተከራከረ። ሆለሪዝም ዋጋውን አልቀንስም አለ። በ1905 ስምምነቱ ፈረሰ፤ መኪናዎቹም ከመሥሪያ ቤቱ ወጡ። መንግሥት የራሱን አውደ ጥናት አቋቁሞ ጄምስ ፓወርስ የሚባል ከሩሲያ የመጣ መሐንዲስ ቀጠረ፤ ፓወርስም ለ1910 ቆጠራ የሚሆኑ መኪናዎችን ሠራ፤ በኋላም በራሱ ስም ኩባንያ አቁሞ ብርቱ ተወዳዳሪ ሆነ። ሆለሪዝ ፓተንቴ ተነካ ብሎ ከሰሰ፤ አልተሳካለትም። እንደ እኔ አስተያየት በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ነበራቸው። ሆለሪዝ ሃያ ዓመት በራሱ ገንዘብና በዘመድ ብድር ያደከመውን ሥራ በርካሽ ስጥ ሊባል አይገባም ነበር። በሌላ በኩል የአንድ አገር ሕዝብ መዝገብ በአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ በሚሠራ መኪና ላይ እንዲንጠለጠል መንግሥት አለመፍቀዱ ተገቢ ነበር። ሶፍትዌርን በየዓመቱ በኪራይ የሚያገኙ፣ ውሉ ሲቋረጥም የራሳቸውን መረጃ ለመክፈት የሚቸገሩ መሥሪያ ቤቶች ባሉበት በዛሬው ጊዜ ይህ ክርክር አሮጌ ሆኗል ማለት አይቻልም።

በ1911 ቻርልስ ፍሊንት የተባለ ባለሀብት ኩባንያውን ከሚዛንና ከሰዓት መቆጣጠሪያ ሠሪዎች ጋር ቀላቅሎ አንድ ትልቅ ድርጅት አደረገው። ሆለሪዝ ከሽያጩ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰው። ጤናው ታውኮ ስለነበር በአማካሪነት ብቻ ቀረ። በ1914 ቶማስ ዋትሰን ወደ ድርጅቱ መጣ፤ በ1924ም የድርጅቱ ስም ተለውጦ አይ ቢ ኤም ተባለ። መሥራቹ ግን በዚያን ጊዜ ከመኪና ይልቅ በቨርጂኒያ በሚገኘው እርሻው በገርንዚ ላሞቹና በጀልባዎቹ የሚደሰት አዛውንት ሆኖ ነበር።

አማካሪነቱን የተወው በ1921 ነው። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር በዋሽንግተን የንግድ ሚኒስቴር ሕንፃ በተነሣ እሳት የ1890ው ቆጠራ ቅጾች አብዛኞቹ በእሳትና በውኃ ተበላሹ፤ የተረፉትም በኋላ በሕግ ፈቃድ እንዲወገዱ ተደረገ። ስለዚህ በዚያ ዘመን የነበረው ሕዝብ በሠንጠረዥ ተከፋፍሎ ይገኛል፤ ስምና ቤተሰብ ይዞ ግን፣ ከጥቂት ሺህ ሰዎች በቀር፣ አይገኝም። የአያቶቻቸውን ዘር የሚፈልጉ አሜሪካውያን እስከ ዛሬ የሚያዝኑበት ክፍተት ይህ ነው።

ኸርማን ሆለሪዝ ኖቬምበር 17 ቀን 1929 በልብ ሕመም በዋሽንግተን ሞተ፤ በጆርጅታውን ኦክ ሂል መካነ መቃብር ተቀበረ። ከእርሱ ሞት በኋላ የሆነውን እርሱ ሊጠየቅበት አይገባም፤ ሆኖም ሳይነገር ሊቀር አይገባም። በ1933 በጀርመን የናዚ መንግሥት ሥልጣን በያዘበት ዓመት የተካሄደው ቆጠራ የተጠናቀረው የአይ ቢ ኤም የጀርመን ቅርንጫፍ በነበረው በዴሆማግ ካርዶችና መኪናዎች ነው፤ ከካርዱ ዓምዶች መካከልም ሃይማኖትን የሚያመለክት ነበር። በዓምዱ ላይ አይሁድነትን የሚያሳየው ቀዳዳ ካለ ክዳኑ ይከፈታል፤ መኪናው ሴቶችን፣ አናጢዎችን፣ ሽማግሌዎችን እንደሚለይ ይህንንም ይለያል። በ1942 በአሜሪካም የጃፓን ዘር ያላቸው ዜጎች ከምዕራብ ጠረፍ ተግዘው ወደ ሰፈር ሲወሰዱ፣ ብዛታቸው በየመንደሩ የታወቀው ከ1940ው ቆጠራ ካርዶች በወጣ ሠንጠረዥ ነው። ራሱ ሆለሪዝ የሠራው የ1890ው ካርድም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። በቆጠራው ሕግ መሠረት ጥቁሮች እንደ ደማቸው መጠን ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ እየተባሉ በየቀዳዳቸው ተከፋፍለው ነበር። በ1900 እነዚህ ክፍሎች ተሰረዙ። መሐንዲሱ የቀዳዳውን ቦታ ይወስናል፤ ጥያቄውን የሚጽፈው ሌላ ነው የሚል መከላከያ ይሰማል። ነገር ግን ቦታ ያልተሰጠው ጥያቄ በመኪናው ሊመረጥ አይችልም፤ ቦታ የሰጠ ሁሉ ደግሞ ያ ወገን አንድ ቀን በሙሉ ተመርጦ ሊወጣ እንደሚችል ያውቃል። በማኅበራችን ውስጥ የመታወቂያ፣ የጤና፣ የባንክና የስልክ መዝገቦችን የሚነድፉ አባላት ብዙ ናቸውና ይህን ክርክር ለእነርሱ እተወዋለሁ።

በእኛም አገር የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብና የቤት ቆጠራ ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ሲካሄድ የሥራው ጠባይ ሆለሪዝ ካየው እጅግ የራቀ አልነበረም፤ ቆጣሪው በየቤቱ ዞሮ ቅጽ ይሞላል፣ መልሱ ወደ ቁጥር ይለወጣል፣ ቁጥሩም መኪና ሊለየው ወደሚችል መልክ ይዛወራል።

ካርዱ ራሱ ከፈጣሪው በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖረ። ሆለሪዝ ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1928፣ አይ ቢ ኤም ክቡን ቀዳዳ ወደ አራት ማዕዘን ለውጦ 80 ዓምድ ያለው ካርድ አወጣ። የ1970ዎቹ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንድ መስመር በአንድ ካርድ እየበሱ ሠሩበት፤ ቴሌቪዥን መሰል ስክሪኖች ሲመጡም ስፋታቸው 80 ፊደል እንዲሆን ተደረገ። ካርዱም መብሻውም ከቢሮዎቻችን ከጠፉ ቆይተዋል። በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ሲከፈት ግን ስፋቱ ዛሬም 80 ፊደል ነው።